የጥቁሩ ድስት ውሃ

ጥር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ጁባ

ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው፣ የዕለት ማስታወሻዬ፤ ለሌላ ለማንም አይደለም። ምክንያቱን አስቀድሜ ላስረዳህ። ዛሬ ለአንዲት ሴት ቃል ሰጠሁ፤ ስሰጥም ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። አላህ ያያል፤ አይረሳም። ሰው ግን የሰጠውን ቃል ቀስ በቀስ ለራሱ እንደሚመቸው አድርጎ ያስታውሳል፤ እኔም ሰው ነኝ። ስለዚህ በጽሑፍ የሚመሰክርብኝ አንድ ወገን ያስፈልገኛል። እሱ አንተ ነህ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጠዋት ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለውን ሱቄን ከፈትሁ። ጣቃ ጨርቅ ደረደርሁ። በጓሮ ድስቱ ተጣደ። ይህ ድስት ልብስ የምናጠቁርበት ነው። ሐዘን ሲደርስ ልብስን ማጥቆር በኢትዮጵያ በስደት ያደጉት ደቡብ ሱዳናውያን ከእኛ አገር ይዘውት የመጡ ልማድ ነው። ከአምናው የታኅሣሥ ውጊያ ወዲህ ድስቱ ከእሳት ወርዶ አያውቅም። በእኔ ሃይማኖት ለሐዘን ልብስ ማጥቆር የለም፤ ለባል ካልሆነም ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን ማስረዘም አይፈቀድም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ። ልብሱን ግን አጠቁራለሁ። ሥራ ነው፤ አምልኮ አይደለም።

ረፋዱ ላይ ማማ ርብቃ የሚሏት ሴት መጣች። ከታች፣ ኾር ከሚሉት ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ወደ ትልቁ ወንዝ ወደብ በሚወስደው በኩል አትክልት ታለማለች፤ ባሚያና ኩድራ የሚባለውን ቅጠል። ሙኑኪ ሰፈር ላሉ ምግብ ቤቶች ትሸጣለች። ጋምቤላ በስደት ብዙ ዘመን ስለኖረች አማርኛዋ ከእኛው አይለይም። ሰላምታ ሳትሰጥ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የጽሕፈት ቀለም መሰለኝ። የጉድጓዷ ውሃ ነበር።

ከሱቄ ጓሮ የሚወጣው ቦይ ኾሩ ውስጥ ይገባል። በበጋ ኾሩ ስለሚደርቅ አሸዋውን ቆፍራ ነው ውሃ የምታገኘው። አሁን ከአሸዋው የሚወጣው ይህ ነው። ስትናገር "ውሃህ" አለችኝ። "አንተ" ነው ያለችኝ፤ በዚህ ገበያ ማንም አንተ ብሎኝ አያውቅም።

የሃይማኖቴን ሕግ አስረዳኋት። ቀለም ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ አይደለም። ቀለም የለወጠው ውሃ ሌላውን አያነጻም እንጂ በራሱ ርኩስ አይባልም። ሰማችኝና፣ በዓረብኛ መጥሪያ "ያ ሸህ" ብላ፣ መለሰች፤

"ያ ሸህ፣ ኩድራዬ ሃይማኖት የላትም።"

ከዚያ ቃል ሰጠሁ፦ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ዘር ከመዝራቷ በፊት ጥቁር ውሃዬ ወደ እሷ አይወርድም። መፍትሔ ካላገኘሁ ድስቱን በገዛ እጄ አወርዳለሁ።

ጻፍሁት። ምስክር ሁን።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ቦዩን ተከትዬ ወረድሁ። ከሱቆቹ ጀርባ፣ በጋራዡ አጠገብ፣ ፍየሎች ከሚተኙበት ቆሻሻ መጣያ ሥር። የሞተር ዘይት አለ። የሳሙና አረፋ አለ። የሽንት ቤት ፍሳሽም አይጠፋም። ሁሉም ተቀላቅሎ ይወርዳል። የሌላው ሰው ቆሻሻ ባለቤቱ አይታወቅም፤ የእኔው ግን መልክ አለው። አሸዋው ላይ እስከ አትክልቱ ድረስ አንድ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ማንም ሰው ጣቱን ዘርግቶ እስከ ሱቄ በር ሊከተለው ይችላል።

ጓሮዬ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። መሬቱ ደረቅ ሸክላ ነው፤ ውሃ አይጠጣም። ሞልቶ ፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ የማውቀው ዘዴ የለም።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት፣ በኋላ

የማ. ርብቃ ልጅ መጣች። ስሟ አቡክ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራ ተመልሳለች፤ አሁን ሙኑኪ መምህርት ናት። በቦዳቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ማለቴ ነው፣ እንደ ወንድ ተፈናጥጣ መጣች። ከባዕድ ሴት ጋር በዝግ ቤት መቀመጥ ስለማይገባ ወንበር በረንዳ ላይ አስወጣሁ፤ አላፊ አግዳሚው እያየን ተነጋገርን። ቢያንስ አነጋገሯ ጨዋ ነው፤ "እርስዎ" ትላለች።

ያለችውን አሳጥሬ ላስፍር። ለመመረቂያዋ የሠራችው ጽሑፍ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣን ቀለም ከውሃ ስለማስወገድ ነበር። መሣሪያው ናኖ የሚባል የብረት ብናኝ ነው፤ ከመላሙ የተነሣ በሺህ የሚቆጠረው ቢደረደር የአንዲት ፀጉር ውፍረት አይሞላም። ሌሎች ይህን የሚሠሩት መርዝነት ባለው ኬሚካል ነው። እሷ የምትሠራው በቅጠል ነው፤ መሬትም ውሃም አይጎዳም አለች። የትኛው ቅጠል ብዬ ጠየቅሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን የኒም ዛፍ አሳየችኝ።

በዚያ ዛፍ ሥር ስንት ዓመት ጥላ ተቀምጫለሁ።

አልተቃወምሁም፤ አልተስማማሁምም። አይቼ እፈርዳለሁ አልሁ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

አየሁ።

ትናንት ቅጠሉን ቀቀለች፤ አጠለለች። የብረት ጨው የሟሟበትን ውሃ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ወዲያው እንደ ከሰል ጠቆረ። ከዚያ ያንን ጥቁር ከድስቴ በወጣው ጥቁር ውሃ ላይ ደፋችው። ጎረቤቴ ሐጂ ጀማል፣ የስኳር ጅምላ ሻጩ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆይቶ፣ ጥቁርን በጥቁር አጥቦ የሚያነጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም ብሎ ሳቀ። እኔም በልቤ ያንኑ አልሁ።

ዛሬ ከዙህር፣ ከቀትር ሰላት፣ በኋላ ማሰሮውን ከፈትን። ጥቁሩ ከታች ዘቅጧል። ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት ወደ ማሰሮው ሥር ስታስጠጋ ዝቃጩ እንደ ታዘዘ ሎሌ ተከተላት። ከላይ ያለው ውሃ ጠርቷል። በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ፀሐይ አነሣሁት። በብርጭቆው ውስጥ የኒሙን ቅጠል አንድ በአንድ አየሁ።

በልጅነቴ ወሎ ውስጥ በሐሪማ፣ በኪታብ ትምህርት ቤት፣ የተማርሁት የውሃ መለኪያ ሦስት ነው፤ ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም። ቀለም የለውም። አሸተትሁት፤ ሽታ የለውም። በምላሴ ነካሁት።

"ኧረ ሸህ! ምን ነካዎት! ይትፉት!" ብላ ጮኸች። ሐ. ጀማልም ከአጥሩ ማዶ፣ ሸህ ከሞቱ ሱቁን እኔ እጠቀልለዋለሁ አለ።

ተፋሁት። ጣዕም ግን አልነበረውም።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ጓሮው መልክ ያዘ። አንደኛው በርሜል ከድስቱ የሚወጣውን ጥቁር ውሃ ይቀበላል። በሁለተኛው በኒም የተሠራው ብረት ይጨመራል፤ ያድራል። ሦስተኛው አሸዋ አለበት። ከእሱ የሚወጣው ጥሩ ውሃ ነው። ቦዩን በሲሚንቶ አስደፈንሁት።

አቡክ ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ጠብታ አታባክንም፤ እጇን ሳትታጠብ ምንም አትነካም። ይህን ልማዷን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን አልወደድሁላትም፤ አትጨርስም። ውሃው ጠርቶ እያየችው ገና ነው ትላለች። ናሙና ወደ አዲስ አበባ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምትሠራ ጓደኛዋ በሰው ትልካለች፤ መልሱ እስኪመጣ እንጠብቅ ትላለች። የዛሬ ልጆች ዕውቀታቸው ሁሉ ከሌላ አገር በሚመጣ ወረቀት ላይ ነው። እኔ በዓይኔ፣ በአፍንጫዬ፣ በምላሴ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ በር ለነጋዴዎቹ ተናገርሁ። የውሃ ቦቴ መኪናዎቹ ሰሞኑን ጠፍተዋል፤ ሰው ለውዱእ፣ ከሰላት በፊት ለሚታጠበው፣ ተቸግሯል። ከጓሮዬ የሚወጣው ውሃ ሦስቱንም መለኪያ አልፏል፤ ውዱእ ማድረግ የፈለገ ከሦስተኛው በርሜል ይቅዳ አልሁ። ብዙዎች ዱዓ አደረጉልኝ። ሐ. ጀማል እንኳ ሳይቀልድ ባልዲ ይዞ መጣ።

ለማ. ርብቃም በጋሪ ላክሁላት፤ ለችግኝ መደቧ። ጉድጓዷ እስኪጠራ ድረስ በዚህ ታጠጣ። ንጹሕ ነው፣ በእኔ ኃላፊነት ብዬ አስነገርሁ።

ቃሌ ከዝናቡ ቀድሞ ተፈጸመ። ዛሬ ልቤ ረክቷል። ይህንንም መስክር።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጓሮው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋበትም። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ማንቆርቆሪያ። እኔም ከዚያው ውዱእ አደርጋለሁ። አቡክ መጥታ ይህን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። ለውዱእ አላልሁም ነበር አለችኝ። የውዱእን ነገር ለእኔ ተይልኝ አልኋት፤ አንቺ ኬሚስትሪሽን አስተምሪ። ተነሥታ ሄደች።

ከድስቱ ውስጥ ዛሬ ብቻ አራት ቤተሰብ ጥቁር አወጣ። ጥሩ ጠቁሯል።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ ከአስር በኋላ

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ እጄ ጽሑፉን ይሸሸዋል። ቢሆንም ልጻፍ።

ከአስር ሰላት በኋላ ለጥቂት ነጋዴዎች ኪታብ አስቀራለሁ፤ አስተምራለሁ ማለቴ ነው። ዛሬ የውሃ ምዕራፍ ደረስን። ሐ. ጀማልም ነበር። በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ በጎረምሳነቴ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለያዝሁት ኪታቡን ማየት አያስፈልገኝም። ሦስቱን መለኪያ ነገርኋቸው፤ ጓሮዬ ያለውን በርሜል ምሳሌ አደረግሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቀጠልሁ። ምላሴ በለመደው መንገድ ሄደ፦ ነጃሳ የለወጠው ብዙ ውሃ ለውጡ በራሱ ጊዜ ከጠፋ፣ ወይም ሌላ ውሃ ተጨምሮበት ከጠፋ፣ ነጽቷል። ለውጡ የጠፋው ግን ሌላ ነገር ተጥሎበት ከሆነ፣ ሽቶ ወይም አፈር ወይም ኖራ፣ አልነጻም። እንዲህ የሆነው የሚለየው ነገር ስለሌለ ነው፤ ለውጡ ሄደ ወይስ ተሸፈነ?

ከአፌ የወጣውን በጆሮዬ ስሰማው አቆምሁ።

ተማሪዎቹ ጠበቁ። ራሴን አሞኛል ብዬ አሰናበትኋቸው። ራሴን አላመመኝም። ይህ ውሸት ነው፤ እሱንም ጻፈው።

ቀለም ነጃሳ አይደለም፤ ስለዚህ ሕጉ በቃሉ እኔን አይይዘኝም ብዬ ለመከራከር ሞከርሁ። ጥያቄው ግን ነጃሳና ቀለም አይለይም። ሄደ ወይስ ተሸፈነ? እኔ የመለኪያውን የመጀመሪያ ግማሽ ይዤ ሮጥሁ። ሁለተኛው ግማሽ እዚያው፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ፣ ተቀምጦ ነበር። ያልተማረ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም፤ ውሃውን ተጠራጥሮ ይተወዋል።

የካቲት 15፣ እሑድ

በርሜሉን ቆለፍሁ። ጠዋት ለውዱእ የመጡትን መለስሁ፤ ምክንያቱን ዓርብ እነግራችኋለሁ አልሁ።

ከዚያ አቡክን ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ሁሉ ሸህ ምን ሊሠራ መጣ እያለ አየኝ። ሳልቀመጥ ጠየቅኋት፤ ቀለሙ ሄደ ወይስ ተሸፈነ?

መጀመሪያ ሳቀች። "ሸህ፣ ኬሚስትሪ ደግሞ መቼ ጀመሩ?" አለች። ከዚያ መሳቋን ተወች።

እንዲህ አስረዳችኝ። ቀለሙ እንደ ሰንሰለት ነው። ጥቁረቱ ያለው ቀለበቶቹን በሚያያይዘው ማያያዣ ላይ ነው። ብረቱ ማያያዣውን ይበጥሳል፤ ዓይን ጥቁር ማየቱን ይተዋል። ከቀለበቶቹ አንዳንዱ ከብረቱ ጋር ይዘቅጣል። አንዳንዱ ግን ውሃው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። ከቀለሙ ከራሱ የከፋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ጁባ ውስጥ የላትም። ገና ነው ያለችኝ ለዚህ ነበር። ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም አልሁ። ነግሬዎታለሁ አለች፤ ሁለት ጊዜ። እውነት ነው።

ከዚያው ወደ አትክልቱ ወረድን። ማ. ርብቃ ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። የችግኝ መደቡ ከቅጠሎቹ ጫፍ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ፀሐይ የመታው መስሏት ነበር፤ እንዲያውም ውሃ ጨመረችበት። ከየትኛው ውሃ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቁጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

"ሸህ ንጹሕ ነው ካለ ንጹሕ ነው ብዬ አጠጣሁ" አለች ለልጇ፤ ለእኔ አይደለም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ለእያንዳንዱ ነጋዴ በየሱቁ ዞሬ በጆሮው ብነግረውስ? ክብር ይተርፋል፤ እውነቱም ይነገራል። ሙሉ ቀን ይህን ሳመላልስ ዋልሁ። ጥሩ ምክንያት ሁሉ አገኘሁለት። ምክንያቱ መብዛቱ ራሱ አስጠላኝ።

በመስጊዱ በር የተናገርሁትን በመስጊዱ በር እመልሳለሁ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

መለስሁ። በአጭሩ፤ ሳልለሳልስ። ውሃው ነጽቷል ያልሁት ስሕተት ነው። የተማርሁትን ግማሹን ይዤ ፈረድሁ። ከዚያ በርሜል ውዱእ አድርጎ የሰገደ ሰው ሰላቱን ይመልስ፣ እንደገና ይስገድ፤ እኔ የራሴን ጀምሬያለሁ። ልብሱን ያጠበ፣ አፉን የተጉመጠመጠ ካለም ዳግም እንዳያደርገው።

የመጀመሪያው ድምፅ የሐ. ጀማል ነበር፤

"ሸኽና፣ እኔ እንኳ የሸጥሁትን ስኳር መልሼ አልቀበልም፤ እርስዎ የስንት ቀን ሰላት ነው የሚያስመልሱን?"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንዱ ሽማግሌ ቀርቦ እጄን ጨበጠና ሄደ። ሌላው ሸሁ አርጅተዋል ሲል ሰማሁት፤ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ አልደከመም።

ወደ ሱቄ ተመለስሁ። ጣቃ ጨርቅ ደረደርሁ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

የአዲስ አበባው መልስ አልመጣም። ማ. ርብቃ ራሷ ፈተና አወጣች። በቲማቲም ድልህ ባዶ ቆርቆሮዎች አፈር ሞላች፤ የኩድራ ዘር ዘራች። አንዱ ከትልቁ ወንዝ የተቀዳ ውሃ ይጠጣል። አንዱ ከበርሜሌ የጠራውን። ሦስተኛው ያንኑ የጠራውን፣ ግን አቡክ በደቀቀ ከሰል ውስጥ ካሳለፈችው በኋላ። ከሰሉ የቀሩትን ቀለበቶች ይይዛል ብላ ታስባለች። አስባለሁ ነው ያለችው፤ አውቃለሁ አላለችም። አሁን ይህ አነጋገር አያናድደኝም።

ዛሬ አየናቸው። የመጀመሪያው ለምልሟል። ሁለተኛው በቅሎ አንገቱን ደፍቷል። ሦስተኛው ቆሟል፤ ግን አጭር ነው። አቡክ በደስታ እጇን አጨበጨበች። እናቷ ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ጎን አስጠግታ አሳየቻት፤ ማጨብጨቡ ቆመ። ከሰሉ መብዛት አለበት፤ ብረቱም ረዘም ላለ ጊዜ ማደር አለበት አለች። እንደገና ይዘራል።

የታመመው ችግኝ ሲነቀል ሥሩን አየሁት። አጭርና ቡኒ ነው።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ደመና ወጣ። ነፋሱ አቧራውን አነሣው፤ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ተሰማ። ብዙ አይደለም፤ ግን ዝናብ ነው። ማ. ርብቃ መሬቷን መገልበጥ ጀምራለች አሉኝ።

መፍትሔው ገና ነው። የቃሌ ቀን ደረሰ።

ሠራተኞቹን አሰናብቼ ድስቱን በገዛ እጄ አወረድሁ። ከባድ ነው። እሳቱን በአሸዋ አለበስሁት። በውስጡ የነበረውን ጥቁር ውሃ በርሜል ውስጥ ገለበጥሁ፤ በርሜሎቹ ሁሉ ከንፈራቸው ድረስ ሞልተዋል። አንድ ጠብታ ወደ ቦዩ አልሄደም።

በሩ ላይ ጻፍሁ፦ ልብስ ማጥቆር ለጊዜው ቆሟል።

መስክር፤ ተፈጸመ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ስንቱን መለስሁ። ያዘኑ ሰዎች ናቸው፤ ጽሑፉን ካነበቡም በኋላ ይቆማሉ። አንዲት አሮጊት ኮታቸው በእጃቸው እንዳለ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ውሃ አቀረብሁላቸው፤ የወንዝ ውሃ።

ሐ. ጀማል ሊመክረኝ መጣ። ሸኽና፣ እርስዎ ባያጠቁሩ ሌላው ያጠቁራል አለ፤ ውሃውም ያው ወደ ኾሩ ይወርዳል። ያ የእሱ ውሃ ነው አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ተቀመጠ። ሳይቀልድ ቆየ። የመለሳቸውን ሰላቶች መጨረሱን በመሀል ነገረኝ፤ እንደ ዋዛ አድርጎ።

አቡክ አዲስ ቆርቆሮዎች ዘርታለች። እየጠበቅን ነው።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሱቅ ከፈትሁ። ጣቃ ጨርቅ ደረደርሁ። ሰማዩ ዳምኗል።

አቡክ ቀድማ መጣች፤ በእግሯ። ቆርቆሮዎቹን ልታሳየኝ መሰለኝ። በቅለዋል ወይ አልኋት። ደህና ናቸው አለች፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው እኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ አንድ ዙር ደግመን ማረጋገጥ አለብን። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። ዞሬ አየሁ።

ማ. ርብቃ በመንገዱ መሀል ትመጣለች። ፌስታል ይዛለች። እጇ ላይ የአትክልቷ ጭቃ አልደረቀም። ትናንት ከላይ፣ ውጊያ ካለበት ከማላካል በኩል፣ የታናሽ ወንድሟ መርዶ ደርሷታል። ይህን የነገረችኝ አቡክ ናት፤ እናቷ እስክትደርስ ባለው ጊዜ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። መቼ እንደሞተ አይታወቅም። ጋምቤላ አብረው ነው ያደጉት።

የሐዘን ቃል ተናገርሁ። ራሷን ዝቅ አደረገች። ፌስታሉን ፈታችና የያዘችውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ያን ቀን ጠርሙሱን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ አኖረች። ነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስና አንድ ነጠላ። ነጠላው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ ጥበቡ ደብዝዟል።

በሩ ላይ የጻፍሁትን ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ። ቢሆንም ልነግራት ተገደድሁ። ድስቱ ወርዷል፤ በሰጠሁሽ ቃል መሠረት። ውሃው ገና አልተረጋገጠም። በርሜሎቹ ሞልተዋል። ሌላ ቦታ የሚያጠቁር ሰው ላሳይሽ እችላለሁ፤ የሚወጣውን ውሃ ግን የት እንደሚደፋው አላውቅም። ይህን ሁሉ በሥርዓት ተናገርሁ። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ቀሚሱን በመዳፏ አስተካክላ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና እንዲህ አለች፤

"እሳቱን ለእኔ ብለህ አጠፋኸው፤ አሁንም ለእኔ ብለህ አንድደው። ውሃውን ግን፣ ያ ሸህ፣ እዚሁ ያዘው።"